የጆሮዬ ብድር

ጃዝን ያወቅሁት በራፕ በኩል ነው። የአገሬን ጃዝ ያወቅሁት ደግሞ በአሜሪካኖች ጃዝ በኩል ነው። ከአያቴ ማሕሌት እስከ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ያለው መንገድ ለሌላ ሰው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን በኒውዮርክ፣ በዲትሮይትና በመካከለኛው አፍሪካ ደን ዞሮ ነው የመጣው። ይህን ለቅርብ ወዳጆቼ እንኳ በግልጽ ነግሬ አላውቅም። አሁን የምናዘዘው ብድር ስላለብኝ ነው። ብድር በምድር ይላል ያገሬ ሰው፤ ለመክፈል ግን አስቀድሞ አበዳሪን በስሙ ማወቅ ያስፈልጋል።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሁለት የማይነጋገሩ ሙዚቃዎች ባሉበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። በአባቴ በኩል አያቴ ደብተራ ነበሩ። በክብረ በዓል ሌሊት ይዘውኝ ይሄዱና ቅኔ ማሕሌቱ ጥግ ላይ ተቀምጬ መቋሚያው ሲወዛወዝ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ቁም ዜማው በዝማሜ፣ ዝማሜው በመረግድ፣ መረግዱ በጽፋት ሲተካ እሰማ ነበር። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና ሳላውቀው ልቤን ይዞት ይሄዳል። በእናቴ በኩል ደግሞ አጎቴ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። አያቴ የአጎቴን ሙያ «ዘፈን» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም። አጎቴም የአያቴን ዜማ ያከብራሉ፣ ነገር ግን ስለ እሱ አፋቸውን አይከፍቱም። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ ዘመድ ጤና ነው።

እኔ የራሴ ያልሁት ራፕን ነበር። ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የተቀዳ ካሴት፣ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረ ስም። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንብኝ ግማሹን እንኳ አልለይም ነበር፤ የያዘኝ ቃሉ ከምቱ ጋር የሚገጥምበት፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ የሚያፈነግጥበት ሥርዓት ነው። ከእነዚያ ካሴቶች አንዱ ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት የተባለው የኒውዮርክ ቡድን በ1991 ያወጣው «ዘ ሎው ኤንድ ቲዮሪ» ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በዚያ አልበም ውስጥ ከንግግሩ ሥር የሚሄድ ወፍራም የእንጨት ድምፅ አለ። ራፐሩን ትቼ እሱን መከተል ጀመርሁ። «ቨርስስ ፍሮም ዘ አብስትራክት» በሚለው ሥራ ላይ ያን ድምፅ የሚያወጣው ሮን ካርተር ነው፤ በ1960ዎቹ በማይልስ ዴቪስ ቡድን ውስጥ ኮንትራባስ ይጫወት የነበረው ሰው። አንድ አንጋፋ የጃዝ ሰው ከልጆቹ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ጣቱን አበድሯቸዋል ማለት ነው።

የቀረው የአልበሙ ሙዚቃ በአብዛኛው የተሠራው በሳምፕል ነው። አቀናባሪው ከድሮ ሸክላ ላይ የሁለት ወይም የአራት ቤት ያህል ድምፅ ቆርጦ ማሽን ውስጥ ያስገባል፤ ያዞረዋል፣ ፍጥነቱን ይለውጣል፣ ከበሮ ይጨምርበታል፤ ራፐሩ በዚያ ላይ ይናገራል። ሥራው ከጆሮ ይጀምራል። ማንም ያላስተዋለውን አሥር ሰከንድ ከሺህ ሸክላ መካከል ለይቶ ማውጣት እንደ አዝማሪ ከታዳሚው ወሬ ውስጥ ግጥም እንደ መልቀም ነው። የቡድኑን ካሴት ስሰማ ሳላውቀው የአርት ብሌኪን ቡድን፣ የሌሎችንም ብዙ የጃዝ ሰዎች ፒያኖና ጡሩንባ እየሰማሁ ነበር። በ1993 ደግሞ ጉሩ የተባለው ራፐር «ጃዝማታዝ» በሚለው አልበሙ ዶናልድ በርድንና ሮይ ኤርስን የመሳሰሉ አንጋፋዎችን በአካል ጠርቶ አብረውት እንዲጫወቱ አደረገ። ያን ስሰማ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ቅናት ነው። በሙዚቀኞቹ ዝና አልቀናሁም። የቀናሁት ሽማግሌውና ወጣቱ በአንድ ሸክላ ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው። በእኛ ቤት አልሆነማ።

ከዚያ በኋላ ስሞችን ወደ ኋላ መከተል ሥራዬ ሆነ። ሳምፕሉ ከማን ነው? ያ ሰው ከማን ጋር ተጫወተ? ይህ ጥያቄ ከጆን ኮልትሬን ደጃፍ አደረሰኝ። «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የተቀዳው ታኅሣሥ 1964 በኒው ጀርሲ፣ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ነው። ማኮይ ታይነር በፒያኖ፣ ጂሚ ጋሪሰን በኮንትራባስ፣ ኤልቪን ጆንስ በከበሮ። አራት ክፍል አለው። ኮልትሬን ከአደንዛዥ ዕፅና ከመጠጥ ሱስ የወጣ ሰው ነበር፤ ሥራውን ለእግዚአብሔር ያቀረበው ምስጋና እንደሆነ ራሱ በአልበሙ ላይ ጽፏል። በአራተኛው ክፍል የሚያደርገውን ሳውቅ ደነገጥሁ፦ ለአምላኩ የጻፈውን ጸሎት በሳክስፎኑ ፊደል በፊደል ያነበዋል። ቃሉ አይሰማም፤ እስትንፋሱ ግን በየስንኙ ያርፋል፣ በየስሙ ይነሣል።

እዚህ ላይ ኑዛዜዬ ይከብዳል። ያን ክፍል ስሰማ ጸልያለሁ። አስቤበት አይደለም፤ ራሴን ያገኘሁት ጸሎት ውስጥ ነው። ለደብተራ የልጅ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዜማ ማለት ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያቆመው እንደሆነ ተምሬ ያደግሁ ነኝ፤ ሳክስፎን ደግሞ የምሽት ቤት ዕቃ ነው። ራሴን ብዙ መርምሬአለሁ። ስሜቱ ተድላ ብቻ ነበር? ወይስ የእንግዳ ነገር ድምቀት ያታለለኝ? ደጋግሜ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ በቅኔ ማሕሌቱ ጥግ ሌሊት የሚይዘኝ ትኩረትና በኮልትሬን ሳክስፎን ፊት የሚይዘኝ ትኩረት አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ያሰኙኛል፤ ሁለቱም ከራሴ ጉዳይ ያወጡኛል። ይህን ለአያቴ በሕይወት ሳሉ ብነግራቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን አምኜበታለሁ።

ሳክስፎን ቃል እንደሚናገር ያወቅሁት ከኮልትሬን ስለሆነ፣ ጌታቸው መኩሪያን ስሰማ ጆሮዬ ዝግጁ ነበር። ጌታቸው በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ሽለላንና ፉከራን፣ ጀግና በአደባባይ እየተንጎራደደ የሚያሰማውን የቃል ውርጅብኝ፣ ወደ ሳክስፎን አስገባው። ግዳዩን የሚቆጥረው፣ ጠላቱን የሚጠራው፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ የሚደነፋው ድምፅ ሁሉ በዚያ ናስ ውስጥ አለ። ይህን የጀመረው በ1950ዎቹ፣ በአሜሪካ «ፍሪ ጃዝ» የተባለው እንቅስቃሴ ስም ከማግኘቱ በፊት ነው። ፈረንጆች ሲሰሙት ከአሜሪካዊው የፍሪ ጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል፤ እሱ ግን የተማረው ከአርበኛ ፉከራ ነው። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድስ የፓንክ ቡድን ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲያወጣ ሰባ ዓመት ደርሶ ነበር። በ2016 ዐረፈ። የራፕ ፉክክር ለእኔ እንግዳ ያልሆነበትን ምክንያት የነገረኝ ጌታቸው ነው። ስም ጠርቶ መፎከር፣ በቃል ብዛት ማሸነፍ፣ ትንፋሽን እንደ መሣሪያ መያዝ ከእኛ መስክ የበቀለ ጥበብም ነው።

ብድርን በተመለከተ ግን ዓይኔን የከፈተው ሄርቢ ሃንኮክ ነው። በ1973 «ሄድ ሃንተርስ» በተባለው አልበሙ ላይ «ወተርሜለን ማን» የተሰኘ የቆየ ድርሰቱን በአዲስ መልክ ሠራው። መግቢያው ላይ ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ እየነፋ፣ በየመሃሉም በገዛ ድምፁ እየዘመረ፣ አንድ አስደናቂ ጨዋታ ይጫወታል። ሐሳቡ የመጣው በመካከለኛው አፍሪካ ደን ከሚኖሩ የባቤንዜሌ ሰዎች ነው። እነሱ «ሂንደውሁ» በሚሉት አንድ ድምፅ ብቻ በሚያወጣ ትንሽ ፉጨት ይጫወታሉ፤ በፉጨቱና በሰው ድምፅ መካከል እየተመላለሱ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ይሆናል። ይህን ሲምሃ አሮም የተባለ ተመራማሪ ቀድቶ በ1966 በሸክላ አሳትሞት ነበር። ከደኑ ወደ ሸክላ፣ ከሸክላው ወደ ጃዝ፣ ከጃዙ ደግሞ ወደ ሂፕ ሆፕ ተሻገረ። ድርሰቱ በሃንኮክ ስም ነው። ፉጨቱን የነፋው የደኑ ሰው ስም ግን የለም።

ይህ ታሪክ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሃንኮክን እወደዋለሁ። በ1983 «ሮኪት» በሚለው ሥራው ሸክላ ፋቂውን ዲጄ እንደ ሙዚቀኛ ከጎኑ ያቆመ፣ በጃዝና በሂፕ ሆፕ መካከል በር የከፈተ ሰው ነው። ያ የጠርሙስ መግቢያም ባይኖር ኖሮ ባቤንዜሌዎችን ፈልጌ አላገኛቸውም ነበር። ግን አንድ ሰው ሥራው ከአገር አገር ሲዞር እሱ ስም አልባ ሆኖ ሲቀር ምን ይባላል? ጥያቄውን ወደ ሌላ መወርወር ይቀላል። እኔም ግን ያን መግቢያ ለዓመታት በደስታ ስሰማ የነፊዎቹን ስም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ደስታዬን ማንም አያስከፍለኝም፤ ለዚህ ነው ራሴ መክፈል ያለብኝ።

ከዚያ ደን ወደ አገሬ የመለሰኝ ሙላቱ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቃለ ምልልሶቹ ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር አለ፦ በደቡብ ኢትዮጵያ የደራሼ ሰዎች ቀርከሃ እየነፉ የሚያወጡት የድምፅ አደራደር ምዕራባውያን ከብዙ ጊዜ በኋላ በሥልጣኔ ስም የደረሱበትን እንደሚመስል ይናገራል። የደራሼን የፊላ ጨዋታ ቀረብ ብሎ ያየ ያስተውላል፤ እያንዳንዱ ሰው የያዘው ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ዜማው የማንም አይደለም፤ ሁሉም በተራው ሲነፋ ብቻ ይወለዳል። ባቤንዜሌው አንድ ሆኖ ሁለት ይሆናል፣ ደራሼዎቹ ብዙ ሆነው አንድ ይሆናሉ። ሃንኮክን ሰምቼ ባልደነግጥ ኖሮ ይህን በቴሌቪዥን «የብሔር ብሔረሰቦች ጭፈራ» ሲባል አይቼ አልፈው ነበር።

የሙላቱን መንገድ ሳጠና የእኔ ዙሪያ ጥምጥም ብቻዬን ያልሄድሁበት መሆኑን አየሁ። ጅማ ተወልዶ፣ በዌልስ ተምሮ፣ ለንደን ውስጥ ሙዚቃ አጥንቶ፣ ቦስተን በርክሊ ገባ፤ የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበር ይነገርለታል። በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ሠራ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ያስተናገደው፣ አብሮትም የተጫወተው እሱ ነው። ያደረገውን እንዲህ አድርጌ እረዳዋለሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የምዕራቡ ፒያኖ ደግሞ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለቱ አምስቱን ሊውጧቸው ይችላሉ። ሙላቱ ቅኝቱን ከላይ በዜማ አስቀምጦ፣ ኮርዶቹን ከሥሩ እንዲያገለግሉት አደረገ። ዜማው ትዝታ እንደሆነ ይቀራል፤ የቆመበት ወለል ግን ሌላ ነው።

ያን ዘመን በሸክላ ያቆየልን አምሃ እሸቴ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በ1969 የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፍቶ ማኅሙድ አህመድንና ሙላቱን ጨምሮ ብዙዎችን አሳተመ። ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽት ሙዚቃ ተዘጋ፣ አምሃም ተሰደደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ የድሮ ሸክላዎችን ማሳተም ጀመረ፤ አራተኛው፣ በ1998 የወጣው፣ የሙላቱ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ተጠቀመበት። በ2010 ራፐሩ ናስና ዴሚያን ማርሌ «አዝ ዊ ኤንተር» በሚለው ሥራቸው የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ሳምፕል አድርገው ራፕ አሉበት።

ያን የሰማሁ ቀን ኩራት ወጥሮኝ ነበር። ቆይቼ ኩራቱን መረመርሁት። እኔ ምን አድርጌ ነው የምኮራው? ሸክላውን አላሳተምሁ፣ አላስቀመጥሁ፣ ሙዚቀኛው ሥራ ባጣበት ዘመን ደጃፉን አላንኳኳሁ። ፈረንጁ ከእኛ በፊት ዋጋውን ስላወቀ መቅናትም ሞክሬ ነበር፤ ቅናት ግን ሥራ የሠራ ሰው መብት ነው። ኩራቴ ወደ ብድር ሲለወጥ ያኔ ነው የቀለለኝ። ባለ ዕዳ ቢያንስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ጡረታ ወጥተው፣ ትራምፔታቸው አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር። በስልኬ «አፍሮ ብሉ»ን ከፈትሁላቸው። መጀመሪያ የኩባው ሞንጎ ሳንታማሪያ በ1959 የቀዳውን፣ ቀጥሎ ኮልትሬን በ1963 በበርድላንድ ክለብ የተጫወተውን፣ በመጨረሻም ኤሪካ ባዱ በሮበርት ግላስፐር «ብላክ ሬዲዮ» ላይ በ2012 የዘፈነችውን። አጎቴ በሁለተኛው ላይ ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ፤ በአንድ እጅ ሦስት፣ በሌላው ሁለት።

«ይኼ የእኛ ነው» አሉኝ።

«የኩባ ሰው ድርሰት ነው፣ ጋሼ።»

«ድርሰቱን አላልሁህም። ምቱን ነው። ሦስትም ሁለትም ሆኖ ሲመጣ እግርህ የቱን እንደሚይዝ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይይዛል። ችክችካ የምንለውስ ሌላ ነው እንዴ?»

ቀጥዬ የጄ ዲላን አንድ ሥራ አሰማኋቸው። ዲላ የዲትሮይት ልጅ ነው፤ በ2006፣ «ዶናትስ» የተባለው አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ከበሮውን በማሽን ቢሠራም የማሽኑን ምት አስተካካይ እያጠፋ፣ አንዱን ምት ትንሽ አዘግይቶ፣ ሌላውን ትንሽ አስቸኩሎ ያስቀምጠው ነበር። የዛሬ ጃዝ ከበሮ ተጫዋቾች በእጃቸው ሊመስሉት ዓመታት ደክመዋል። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይኼ ልጅ ይጎተታል» አሉ። የሚነቅፉት መስሎኝ ነበር። «ማሲንቆ እንዲህ ነው። ዘፋኙ ከሄደ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል፤ ግን አይቀርም። እኛን ኦርኬስትራ ስንገባ ያን ነገር አስጣሉን። ሁላችሁም እኩል ግቡ ተባልን።» ዝም ብለው ቆዩና ደግመው እንዳሰማቸው ጠየቁ። አጎቴ ስለ ሙያቸው ይህን ያህል ሲናገሩ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

በእኔ ዕድሜ የመጣው አዲሱ ጃዝ ያን ንግግር የሚቀጥል ስለሆነ ነው የምወደው። ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር በ2014 ደቡብ አፍሪካን ጎብኝቶ በ2015 ያወጣውን «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» ሲሠራ ሸክላ ቆርጦ ብቻ አልረካም፤ ካማሲ ዋሽንግተንን፣ ተንደርካትን፣ ቴራስ ማርቲንንና ግላስፐርን ስቱዲዮ ጠራ። በዚያው ዓመት ካማሲ ሦስት ሰዓት የሚጠጋውን «ዘ ኤፒክ» አወጣ፤ ራፕ ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ተቀምጠው ሰሙት። የለንደኑ ሙዚቀኛ ሻባካ ሃቺንግስ ጆሃንስበርግ ሄዶ ከደቡብ አፍሪካ ሙዚቀኞች ጋር በ2016 «ዊዝደም ኦፍ ኤልደርስ»ን አሳተመ። ከእነሱ አንዱ፣ ፒያኒስቱ ንዱዱዞ ማካቲኒ፣ በ2020 በታዋቂው የጃዝ አሳታሚ በብሉ ኖት በኩል አልበም አወጣ፤ ማካቲኒ በዙሉ ባህል ፈዋሽም ነው፣ መድረኩንም እንደ ሥርዓት ይቆጥረዋል። የፌላ ኩቲንና የቶኒ አለንን አፍሮቢት ከራፕና ከጃዝ ያዋሐዱት የኤዝራ ኮሌክቲቭ ልጆች በ2023 የብሪታንያን መርኩሪ ሽልማት ወሰዱ፤ ከጃዝ ወገን የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እነዚህ ልጆች የተገናኙት ቱሞሮውስ ዎሪየርስ በተባለ፣ ለወጣቶች ጃዝ በነፃ በሚያስተምር ተቋም ውስጥ ነው። ይህን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ተሰጥኦው ከሰማይ ቢወርድም የሚያርፍበት ክፍል ያስፈልገዋል።

የእኛ ክፍሎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ይህን ሳስብ አዝናለሁ። በ2015 የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዝ አምባም አብሮ ተቃጠለ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀዳው የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው እሱ አልተወም፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ይዞ መጣ። እዚህ አገር ደግሞ ሳሙኤል ይርጋ በ2012 «ጉዞ» በተባለው አልበሙ ፒያኖን ከባህል መሣሪያዎች ጋር አነጋገረ፤ ጆርጋ መስፍን በሳክስፎኑ ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም ሙዚቃ ሠራ። ሰው አለን። የጎደለን በሳምንት መካከል ምሽት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማቸው ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱ ላይ ልቤና ጆሮዬ አይስማሙም። የአያቴ ዜማስ? ያሬዳዊውን ዜማ ቆርጦ ከራፕ ሥር ማስገባት ይገባል? ጆሮዬ ይቋምጣል፤ ያ ከበሮ ከዲላ ምት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ልቤ ግን እምቢ ይላል። ብዙ አሰላስዬ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ሽለላ የአደባባይ ነው፣ ለሰው የተባለ ነው፤ ሰው ሊወስደው ይችላል። ማሕሌት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ የሚወስደው ሰው አስቀድሞ ካቀረቡት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የባቤንዜሌዎቹን ስም አለመጥራት የሚያንገበግበኝ ከሆነ፣ በአያቴ ላይ ያንኑ ማድረግ አልችልም። መማር ግን ይቻላል። ኮልትሬን የማንንም ዜማ ሳይቆርጥ ጸልዮአል። የእኛም ልጆች ከመረግድና ከጽፋት አካሄድን፣ ትዕግሥትን፣ ቀስ ብሎ መፋጠንን ሊማሩ ይችላሉ።

ስለ ወግ ያለኝ እምነት በዚህ መንገድ ተገነባ። ወግ ታጥፎ የሚቀመጥ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ጌታቸው ፉከራውን በሳክስፎን ባልነፋው፣ ሙላቱም ቅኝቱን በቫይብራፎን ባልደረደረው ነበር። ሁለቱም የወረሱትን እንደ ሥራ ቆጠሩት፤ ሠርተውበት አለፉ። በአማርኛ የሚራፑ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ቃል ያላቸውም አሉ። ከማሲንቆ ተጫዋች፣ ከሳክስፎን ተጫዋች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዲገቡ እመኛለሁ። ሲገቡም ከፍለው፣ ስሙን ጽፈው እንዲሠሩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ የምለምንህ ይህን ነው። ሳምፕል ሰምተህ ከወደድኸው የማን እንደሆነ ፈልግ፣ ስሙን ለሌላ ሰው ንገር፣ ሥራውን ግዛ። በቤተሰብህ ውስጥ ትራምፔት የነፋ፣ ክራር የመታ፣ ማሕሌት የቆመ ሰው በሕይወት ካለ ሄደህ ጠይቀው፣ ቅዳው። ከተማህ ውስጥ ዛሬ ማታ ጃዝ የሚጫወት ሰው ካለ ገብተህ ተቀመጥ፣ መግቢያውንም ክፈል። ሙዚቀኛ በሕይወት ሳለ የሚከፈለው ብድር ከሐውልቱ ይበልጣል።